ሁለተኛዋ አውሮፕላኔ ለምን ግላይደር ሆነች

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የመጀመሪያዋ አውሮፕላኔ ከኩዌት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ በረሃ ላይ በአፍንጫዋ ተተክላ ተሰበረች። ወሩ ኅዳር ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ነፋስ አልነበረም። የሪሞቱ ባትሪ ሙሉ ነበር። ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ሪሞቱ ላይ ነበሩ። ቤት እንደገባሁ ይህንን ሁሉ በትምህርት ቤት ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ምክንያቱም የማብረሪያ ሜዳው መዝገብ ላይ የተጻፈው ሌላ ነበር። መዝገቡ «የአብራሪዋ ስህተት» ይላል።

የእኛ ቤት ልጅ አውሮፕላን ልታበርር የቻለችበት ምክንያት ቀላል ነው። አባቴ በሬዲዮ የሚመሩ ትንንሽ መኪኖችና አውሮፕላኖች ከውጭ ለሚያስመጣ ሱቅ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከሹዌኽ ወደብ ዕቃውን አንስቶ እዚያው ሹዌኽ ካለው መጋዘን ያራግፋል። ኮንቴይነር ውስጥ ተጨፍልቆ የመጣ ካርቶን አይሸጥም፤ ባለሱቁ «ውሰድ፣ ለልጅህ» ይለዋል። የመጀመሪያዋ እንደዚያ መጣች፤ ክንፏ ከላይ የተቀመጠ፣ ዘገምተኛ፣ ለጀማሪ የተሠራች የልምምድ አውሮፕላን። ሐዋሊ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ሦስት ሳምንት ጠጋገንናት። እናቴ የምትሠራው የሴቶች ፀጉር ቤት ነበር። የፀጉር ቅባት ሽታ በልብሷ ይዛ ስትገባ ከሙጫው ሽታ ጋር ይደባለቅና «ዛሬ ወይ እኔ እወጣለሁ ወይ ሙጫው ይወጣል» ትላለች። ሁለቱም ሳይወጡ እንተኛለን። ዛሬም የትም ቦታ ሙጫ ሲሸተኝ ያቺ ክፍል ከነጋዜጣዋ ትመጣብኛለች።

ማብረር ያስተማሩኝ ኡስታዝ ሳሊም ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ የሜዳው ሥርዓትም መዝገቡም በእሳቸው እጅ ነበር። የእሳቸው ሪሞትና የእኔ በገመድ ይያያዛሉ። ስሳሳት አውሮፕላኗን ይነጥቁኛል፣ ቀጥ ሲያደርጓት ይመልሱልኛል። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አርብ እንዲያ በገመድ ተለማመድኩ። ገመዱ የተፈታልኝ አውሮፕላኗ ከመውደቋ ሁለት አርብ ቀደም ብሎ ነው። ያን ዕለት ብቻዬን አንድ ዙር አዙሬ አሳረፍኳት።

በዚያ ዘመን ሪሞት ሁሉ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን የምትወስነው ውስጡ የምትሰካ፣ ክሪስታል የምትባል ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሪሞቶች አንድ ላይ ከተከፈቱ አየር ላይ ያለችው አውሮፕላን ታብዳለች። ስለዚህ ሜዳው መግቢያ ላይ አንድ ሳንቃ ቆሞ ነበር፤ ሳንቃው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል። ማንም ሰው ሪሞቱን ከመክፈቱ በፊት የቁጥሩን መቆንጠጫ ነቅሎ ኮሌታው ላይ ይሰካል። መቆንጠጫው ሳንቃው ላይ ከሌለ ሌላ ሰው እያበረረበት ነው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የያዘው ሰው አውሮፕላኑን እስኪያሳርፍ ድረስ የእሱ ነው። የሰዓት ገደብ አልነበረውም። የሁሉም አውሮፕላን ነዳጅ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስለሚያልቅ ገደብ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የእኔ ቁጥርና የአቡ ጣሪቅ ቁጥር አንድ ነበር።

አቡ ጣሪቅ ሻርቅ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ የነበረው፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ሜዳው ላይ ትልቁ መኪናም ትልቁ አውሮፕላንም የእሱ ነበሩ። ያን ዕለት መቆንጠጫው ኮሌታዬ ላይ እያለ አውሮፕላኔ በራሷ ተገለበጠች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቁልቁል ወረደች። አቡ ጣሪቅ ከመኪናው ወርዶ ስብርባሪውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና፣ «ቢንት፣ ሴት ልጅ አይደለች? ጣቷ ደንግጦ ነው» አለ። «ገመዱን መልሱላት። አለዚያም እናቷ ዘንድ ሄዳ ፀጉር ትሥራ።» ሰዎች ሳቁ። አባቴ ሳይስቅ ክንፉን ከአሸዋው ላይ አነሳ። ኡስታዝ ሳሊም ኮሌታዬን አዩ፣ አቡ ጣሪቅን አዩ። «መቆንጠጫው አንቺ ጋ ነበር፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም» ብለው ጻፉ።

ማስረጃው በሻይ ትሪ መጣ። እትዬ ጽጌ የአቡ ጣሪቅ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ማዳም፣ የአቡ ጣሪቅ ሚስት፣ ልጆቹን እንድትጠብቅና ሻይ እንድታፈላ አርብ አርብ በረሃ ድረስ ይዛት ትመጣለች። አማርኛ የምታወራው ከእኛ ጋር ብቻ ስለሆነ ትሪውን ይዛ እኛ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች።

«ሚጡ፣ እንዳታለቅሺ» አለችኝ፣ ስኳሩን እያማሰለች፣ ፊቴን ሳታይ። «አንቺ አይደለሽም የጣልሻት። ሕፃኑን ላስተኛ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ሰውየው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሪሞቱን ከፈተው። አንቴናውን በመስኮት አውጥቶ ሲነካካ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ያንቺ ስትወድቅ ክው ብሎ ዘጋው።»

«አላለቅስም» አልኩ።

«ጎሽ። ብቻ ስሜን ካነሳሽ አለቀልኝ። ጋሼ፣ ይንገሯት ይቺን ልጅ።»

«አታነሳም» አላት አባቴ። እኔም አላነሳም አልኩ።

እንግዲህ እውነቱን አውቀዋለሁ፤ የምጠራው ምስክር ግን የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መስኮት ላይ ግንባሬን አስደግፌ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በራሱ አፍ እንዲናገር፣ መዝገቡም እንዲሰረዝ። ይቅርታ አልፈለግኩም። ይቅርታ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት እንኳ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት አባቴ መጋዘን ወሰደኝ። ሹዌኽ በዚያ ሰዓት ናፍጣና አዲስ ካርቶን ይሸታል። ሦስት የተጨፈለቁ ካርቶኖች ደርድሮ «ምረጪ» አለኝ። አንደኛዋ ክንፏ ከታች የሆነ፣ ፈጣን፣ መገለባበጥ የምትችል ናት። ከልምምድ አውሮፕላን በኋላ ሁሉም ሰው የሚይዘው እሷን ነው፤ ኡስታዝ ሳሊምም የመከሩኝ እሷን ነበር። ሁለተኛዋ የጦር አውሮፕላን ቅጂ ነበረች፤ ስታያት ታምራለች፣ ለጀማሪ ግን እሺ አትልም። ሦስተኛዋን ከደንበኛ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም። ክንፏ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያላት ግላይደር ናት፤ የተጨፈለቀው ካርቶኗ እንጂ እሷ አልተጎዳችም። ሞተሯ ከፍ ካደረጋት በኋላ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ የሚነሳ የሞቀ አየር ካገኘች እየዞረች መቆየት ነው ሥራዋ።

«ይቺን ሰነፍ ምን ልታደርጊያት ነው?» አለ አባቴ። «አትፈጥን፣ አትገለበጥ።»

«ስንት ደቂቃ ትቆያለች?»

«አየሩ ከሞቀ ሰዓትም ትቆይ። ቆይታ ምን ትሠራለች?»

«እሷን ነው የምፈልገው።»

ቆም ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ቁጥርሽን እንኳ ልቀይርልሽ። አንድ ትርፍ ክሪስታል ቀርቷል፤ ሌላው የሚመጣው በሚቀጥለው ኮንቴይነር ነው። ከዚያ ሰውዬ ጋር ዳግም ከምትጋጪ።»

ክሪስታሏን ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩት፣ እርሳስ ማስቀመጫዬ ውስጥ ከተትኳት። ሪሞቴ ውስጥ አልሰካኋትም። ሱቁ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ እሷ ከሆነች አቡ ጣሪቅም ቁጥሩን መቀየር አይችልም ማለት ነው።

አቡ ጣሪቅ ከሦስት ሰዓት በፊት ሜዳ ደርሶ አያውቅም። ሜዳው ደግሞ ሰው ለጁምዓ ሶላት ስለሚሄድ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ እሱ ለማብረር ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በመጀመሪያው አርብ፣ ከውድቀቱ ወዲህ ተመልሶብኝ በነበረው ገመድ ግላይደሯን አንድ ጊዜ አሳርፌ ካሳየኋቸው በኋላ ኡስታዝ ሳሊም ገመዱን ራሳቸው ፈቱልኝ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መቆንጠጫውን ኮሌታዬ ላይ ሰካሁ። አርባ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ። በሁለተኛው አርብ አንድ ሰዓት ከአምስት። ከሜዳው ጫፍ የአሮጌ ጎማ ክምር ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የሞቀ አየር ከላዩ እንደሚነሳ ያወቅኩት ያኔ ነው። በሦስተኛው አርብ አንድ ሰዓት ተኩል። ቁጥሮቹ ደብተሬ ላይ አሉ።

አቡ ጣሪቅ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሳንቃውን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

«ያ ቢንት፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አውርጃት!»

«እሷ ስትፈልግ ትወርዳለች፣ አሞ» አልኩት፤ በአረብኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

ኡስታዝ ሳሊም ዘንድ ሄዶ ከሰሰኝ። «ሕጉን ታውቀዋለህ፤ መቆንጠጫው ያለው እሷ ጋ ነው» አሉት። አባቴ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ሄደ። በሕይወቴ ከዚያ የጣፈጠ ውኃ ጠጥቻለሁ ብል ውሸት ይሆናል። እትዬ ጽጌም ሻይ ስታመጣልን ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ «ቤት ሲገባ በር እየደበደበ ነው የሚውለው» አለች። «ማዳም ደግሞ ‹በአንዲት ፍሬ ልጅ?› እያለች ታበሽቀዋለች። እንዳታወርጃት፣ የኔ እናት።»

በአራተኛው አርብ አቡ ጣሪቅ የቢሮ አለቃውንና ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ፤ አዲሷን ትልቅ አውሮፕላኑን ሊያሳያቸው ነው። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሻይ ዞረ። የእኔዋ ከጎማው ክምር በላይ የዝንብ ያህል ሆና ትዞራለች። አራት ሰዓት ሲሆን እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። አቡ ጣሪቅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«መዝገቡ እንዲስተካከል።»

«የምን መዝገብ?»

«የወደቀችው አውሮፕላኔ። ማን እንደጣላት ለኡስታዝ ሳሊም ይንገሯቸው።»

«አብደሻል እንዴ?»

ዓይኔን ከሰማይ አላወረድኩም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አንዲት ቃል ሳልጨምር ሌላ ሃያ ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ ይናገር ነበር፤ እንግዶቹ እየተቁነጠነጡ ነበር። ግን አራት አርብ ጠብቄያለሁ። የማውቀውን እንደማውቅ እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ።

«መኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር» አልኩት። «አንቴናውን በመስኮት አወጡት። ስትወድቅ ዘጉት።»

ፊቱ ቀልቶ ሳይሆን ገርጥቶ ነበር። ከዚያ ኡስታዝ ሳሊም ዘንድ ሄደና፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው የከፈትኩት፤ ባትሪውን ልይ ብዬ» አለ። «አልሰማሁህም» አሉት። የሜዳው ጀነሬተር ይጮህ ስለነበር ይሁን ሆን ብለው፣ አላጣራሁም። ጮክ ብሎ ደገመው። እንግዶቹ ሰሙ። አለቃው ከት ብሎ ሳቀ፤ በእኔ የተሳቀው ዓይነት ሳቅ ነበር። መዝገቡ ወጣ። «የአብራሪዋ ስህተት» የሚለው ተሰረዘ፤ ከጎኑ «መቆንጠጫ ሳይወሰድ የተከፈተ ሪሞት» ተብሎ የአቡ ጣሪቅ ስም ተጻፈ።

«አሁን አውርጃት» አለ ተመልሶ መጥቶ።

«አየሩ ገና ሞቅ ያለ ነው» አልኩት።

ያረፈችው ለአምስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሰው ሁሉ ለሶላት ዕቃውን እየጫነ ነበር። መቆንጠጫውን ከኮሌታዬ ነቅዬ በእጁ ሰጠሁት።

ወደ መኪናችን ስንሄድ ዞር ብዬ አየሁ። አቡ ጣሪቅ ለማዳም አንድ ነገር ይነግራታል። ሁለቱም እትዬ ጽጌን ያያሉ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ታጥፋለች። አውሮፕላኔ የወደቀችበት አርብ መኪናው ውስጥ ከአቡ ጣሪቅ ሌላ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የተኛ ሕፃን ነው።

ሐዋሊ ስንደርስ አባቴ መኪናውን አቆመ። ቤታችን አጠገብ ፈላፍል ገዛልኝ፤ አሁንም ከሰሊጡ ሽታ ጋር ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። «ስሟን እኮ አላነሳሁም» አልኩት መኪናውን ሲያስነሳ።

«አላነሳሽም» አለ፣ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ዛሬ ሜዳው ላይ ሳንቃው የለም። አዳዲሶቹ ሪሞቶች ነፃ የሆነውን መስመር በራሳቸው ይፈልጋሉ፤ ሃያ ሰው አንድ ላይ ያበርራል፣ ማንም ማንን አይጥልም፣ ማንም ማንን ቁጭ አድርጎ አያስጠብቅም። ከልምምዷ ቀጥሎ የትኛዋን ልያዝ ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ካለ ክንፏ ከታች የሆነችውን እለዋለሁ። የአርብ ጠዋቱ ብርድ፣ ባዶው መንገድ፣ የተቃጠለ ነዳጅ ሽታ ይናፍቀኛል። አቡ ጣሪቅ ወንበሩ ላይ ሲነሳና ሲቀመጥ ማየትም ይናፍቀኛል፤ አልዋሽም። የሰው ስም አለመጥራት አንድ ነገር፣ ያ ሰው ብቻ ያየውን አለመናገር ሌላ ነገር መሆኑን ግን በዚያ ዕድሜዬ የነገረኝ አልነበረም።

የሚከተለውን አባቴ በሾፌሮች በኩል ጠይቆ ነው የደረሰበት፤ ካደግኩ በኋላ እኔም ከሁለት ሰዎች አረጋግጫለሁ። በቀጣዩ አርብ ሻይ ያዞረችው ሌላ ሴት ናት። እትዬ ጽጌ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍራለች። ውሏ ሊያልቅ አሥራ አራት ወር ይቀረው ነበር።