ፈትሸን ያሳለፍነው ጌም

የትምህርት ቤታችን ወላጆች «ጌም ቤት በሚሉት ውስጥ ልጆቻችን ዱላ እየተማሩ ነው» ብለው አቤት ሲሉ፣ አይታችሁ ፍረዱ ተብለን የተላክነው እኔና አንድ የተማሪ አባት ነበርን። እኔ አስተማሪ ነኝ። እሱ ቆቦ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሲናገር ድምፁ አይሰማም። የእኔ ግን ከደወሉ ይቀድማል እያሉ ያሙኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ከሰዓት ነበር፤ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳል። ሁለት ቲቪ፣ አንድ አግዳሚ፣ እላዩ ላይ የተደራረቡ ልጆች። ጨዋታው ስፖርት ነው፣ ቡጢ ነው አሉን። ወይ ጉድ! ዳኛ የለው፣ ሕግ የለው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ሆዱን ሲረግጡት ነጥብ ይጨምራል።

«ይሄ ነው ስፖርቱ?» አልኩት ባለቤቱን።

«ቲቸር፣ ደሙን አጥፍቼዋለሁ እኮ!» አለኝ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶም አሳየን፤ እውነትም ደም የሚለው ተዘግቷል።

አብሮኝ የመጣው አባት ራሱን ነቀነቀ። «ልቤ አልወደደውም። ልጅ የወደቀ መርገጥ ከለመደ፣ አላህ ይጠብቀን» አለኝ። ልደግፈው አፌን ስከፍት ጥግ ላይ ልጄን አየሁት። አጠገቡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ የሟቹ ልጅ ተቀምጧል።

ወንድሜ የዚያን ልጅ አባት ገድሏል። በማሽላ ማሳ ድንበር ነው የተጣሉት። ወንድሜ ታሰረ፤ ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ ተመላልሰው ሁለቱን ቤት አስታረቁ። እኛ ዘንድ እርቁ መሐላ አለው፦ ያንን ሞት አንስቶ የፎከረ እርቁን አፈረሰ ማለት ነው። ዘመዶቻችን እነሱ ባሉበት ሰርግ እንኳ አይፎክሩም። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የምፈራው ለልጄ ነበር፤ ወንድሜ እስር ቤት ነው፣ ደም ከተነሳ በእጅ የሚገኘው የእኛ ቤት ወንድ እሱ ብቻ ነው። ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ሁለቱ አብረው ሲስቁ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ምን አለበት፣ ጨዋታ ነው፤ መንገድ ላይ ከሚውሉ ይሻላል» አልኩ። አባትየው አየኝና «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለኝ። ለልጆች ይሆናል ብለን ፈረምን። ሞኝ! ጨዋታውን መች አየሁት፤ ያየሁት የልጄን ሳቅ ነው።

ከበሩ ሳንርቅ ተራው የሁለቱ ሆነ፤ ቆም ብዬ አየሁ። የልጄ ተጫዋች የዚያኛውን ጣለው፣ ረገጠው፣ ደግሞ ረገጠው። ልጆቹ በጩኸት ቤቱን አናጉት። ልጄ ጆይስቲኩን እንደ ዱላ ከፍ አድርጎ አግዳሚው ላይ ቆመ።

«ዘራፍ!» አለ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራ። «የሱ እህት ልጅ! ጥሎ የማይምር!»

 ልጄ ስሙ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የነቃው፤ ፊቱ አመድ ለበሰ። ያኛው ልጅ ግን አልተቆጣም። ምነው ተቆጥቶ፣ ምነው ጥፊ አቅምሶት ቢሆን! ጆይስቲኩን በቀስታ አስቀመጠ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

በማግስቱ ሽማግሌ ይዤ እናቱ ደጅ ወደቅኩ።

«ተነሺ፣ የልጅ ነገር ነው። እኔ ቂም የለኝም» አለችኝ።

«እሱስ?» አልኳት።

ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። «እንጃ። ከትናንት ወዲህ አባቱ የት ቦታ እንደወደቀ ይጠይቀኛል» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ልጄን ሩቅ አገር ዘመድ ዘንድ ላክሁት። የት እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም።

ያ ልጅ ዘንድሮ የእኔ ተማሪ ሆኗል። ጨዋ ነው፤ ቤት ሥራውን ይሠራል፣ ሰላም ሲለኝ ጎንበስ ይላል። ከክፍል ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል።

«ቲቸር፣ ጓደኛዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል።

«አላውቅም» እለዋለሁ።

«ግድ የለም፣ አንድ ቀን ይመጣል» ይለኛል። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ እስከ ቤቴ በር ድረስ ይሸኘኛል።