ደጅ ያደረው ምስጋና

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው፤ በተመረቅኩ በሦስተኛው ወር። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። ቅናት ነው፣ ምን እደብቃለሁ?

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ደብር ለድረ ገጹ ሠራተኛ ፈለገ። የሚቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለፈተና የቀረብነው እኔና እናትነሽ ነን። እናትነሽ ቡሬ ካምፓስ ስንማር ከጎኔ እየተቀመጠች ከእኔ ስትገለብጥ የኖረች ልጅ ናት። እሷን ሳይ ሥራው የእኔ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የፈተኑን የደብሩ መርጌታ ናቸው። የፈለጉት ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» የሚለው ምስጋና በራሱ እንዲገባ፣ ያውም ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጋር ተያይዞ።

«እኛ በብራና ነው ያደግነው። ለሁለት ቃል ብሎ መስመር የሚያባክን የለም» አሉን።

ፒኤችፒ በሚባለው የኮድ ቋንቋ ስጽፈው ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ግን ድረ ገጹ የሚሠራበት ሲስተም እያንዳንዱን አንቀጽ ታግ በሚባል የኮድ ምልክት ራሱ ይከፍተዋል፣ ራሱ ይዘጋዋል። የእኔ ጽሑፍ ከመዝጊያው በኋላ ገባና ለብቻው ታች ወረደ።

መርጌታ ጠጋ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ምስጋናውን ደጅ አሳደርሽው እኮ!»

ተናደድኩ። ሲስተሙ በራሱ ታግ መጨመሩን ጭራሽ አጠፋሁት። አንቀጽ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ላይ በላዩ ተደራረበ።

«አሁን ደግሞ የቡሬ ሚኒባስ አደረግሽው!»

እናትነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ላፕቶፗን አዞረችላቸው። ምስጋናው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። የመጨረሻውን መዝጊያ ታግ ፈልጋ ከፊቱ ነው ያስገባችው።

«ተባረኪ» አሏት።

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ አላስቻለኝም። «ማን ነገረሽ?»

«እንዴ! አንቺ ነሻ! ሦስተኛ ዓመት ላይ የጻፍሽልኝን ረሳሽው?»

ደብተሯን አወጣች። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «የመጨረሻውን መዝጊያ ፈልጊ፣ ከፊቱ አስገቢ» ይላል። እሷ በቀይ አስምራበታለች።

«አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ብላ አቀፈችኝ። ከሁሉ የባሰው እሱ ነው።

ሥራውን እሷ ያዘች። እኔ ማንኩሳ እናቴ ቤት ነኝ። ደግ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን አዲስ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በስልኬ ከፍቼ እስከ ታች እወርዳለሁ፣ ምስጋናው ደጅ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት። አንድም ቀን አልወጣም። ቢወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።