ሶዲየም የማይወጣበት ውሃ

አባቴ የኬሚስትሪ አስተማሪዬ ነበር። ይህን ስናገር የሰማኝ ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኛል። አንድ ቤት፣ አንድ ባጃጅ፣ አንድ ክፍል፤ ዕድሌ ይኸው ነው። ጠዋት ከሰፈራችን ከቡሹሎ ተጨናንቀን አብረን እንመጣለን፤ የትምህርት ቤቱን በር ስናልፍ «አባዬ» መሆኑ ይቀርና «ቲቸር» ይሆናል። አንድ ቀን ተሳስቼ አባዬ ብዬው ክፍሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

አስረኛ ክፍልን ልንጨርስ ስንል ልቤ ያረፈው ጂኦግራፊ ላይ ነበር። ማህበራዊ ሳይንስ መግባት ፈልጌያለሁ። እሱ ግን ለጎረቤቱም ለባልደረቦቹም ልጄ ሐኪም ናት ብሎ ጨርሷል። ምዝገባው እየቀረበ መጣ፤ እኔ አፌን መክፈት አቃተኝ። ከእራት በኋላ ልነግረው እልና የፈተና ወረቀት እያረመ ሲያንቀላፋ ሳየው አሳዝኖኝ እተወዋለሁ። ማዘኔ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሊያሳየን ባሰበ ቀን መብራት ጠፋ። አባቴን እንዲህ ያለ ነገር አይመልሰውም፤ ያመጣንን የባጃጅ ሹፌር ለምኖ ባትሪውን አስፈታና ላቦራቶሪ ይዞት ገባ። ሹፌሩም ባትሪው እስኪመለስለት መሄጃ ስላልነበረው ከኋላ ተቀምጦ አብሮን ተማረ። ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ የወጡ ሁለት የከሰል ዘንጎች ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱም አረፋ ማውጣት ጀመሩ። በአንደኛው በኩል በረኪና በረኪና የሚል ሽታ ተነሳ። መስኮቶቹ ዝገው አልከፈት ካሉ ቆይተዋል። በሩን ብንከፍተውም ሹፌሩን ሳል ያዘው።

አባቴ የሚሸተው ክሎሪን፣ በወዲያኛው ዘንግ የሚወጣው ደግሞ ሃይድሮጂን መሆኑን ነገረን። ሶዲየሙም ወደዚያው ወደ ሃይድሮጂኑ ዘንግ ይሳባል፤ ታዲያ ለምን አይወጣም ብሎ ጠየቀ። ክፍሉን ሁሉ በዓይኑ ቃኘ። እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«ውሃው እስካለ አይወጣም» አልኩ። «ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮጂን ይቀድመዋል። ሶዲየሙ ዘንጉ አጠገብ ደርሶ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል።»

ፊቱ በራ። የወደፊቷን ሐኪም እዩልኝ ብሎ አስጨበጨበልኝ። በትክክለኛ መልስ የባሰ ታሰርኩ። ጭብጨባው ሳያልቅ ንዴቴ ገነፈለ።

«አባዬ፣ እኔ ማህበራዊ ሳይንስ ነው የምገባው።»

አባዬ ማለቴን ሰምቶ የሳቀ አልነበረም። እሱ ሽቦዎቹን ነቀለ፣ ባትሪውን በጨርቅ ጠርጎ ለሹፌሩ መለሰ፣ ደወሉ ሳይደወል አሰናበተን።

ከሰዓት በዚያው ባጃጅ ስንመለስ የጉዱማሌን መናፈሻ አለፍን። ከዚያ ሹፌሩ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ውሃው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

እኔ ስለ ሶዲየሙ የመለስኩት የተጠየቅኩትን ብቻ ነበር። ይህንኑ ልነግረው እችል ነበር። ቤት እስክንደርስ ግን ዝም አልኩ።

በማግስቱ ምዝገባ ነበር። ባጃጁ ሲመጣ አባቴ አልገባም። የልብሽን ተመዝገቢ፣ እኔ በእግሬ እመጣለሁ አለኝ። ብቻዬን ልቀመጥበት ስንት ጊዜ የተመኘሁት ወንበር ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ግን የእሱን ቦታ ትቼ ጥጌ ላይ እንደተጣበቅኩ ሄድኩ።