የወፍጮ ባለሙያው የመረጡልኝ ማቀዝቀዣ

ሰበታ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ለማስታወቂያ ድምፄን እየቀዳሁ እተዳደራለሁ። ኮምፒውተሬ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ፕሮሰሰሩ ላይ ያለችው ትንሽ ፋን ትጮኻለች። አንድ ደንበኛዬ የሳሙና ማስታወቂያውን ሰምቶ፣ ከኋላ የሚሰማው ሄሊኮፕተር ከሳሙናው ጋር ምን እንደሚያገናኘው በትሕትና ጠየቀኝ።

ጉዳዩን ለአከራዬ አጫወትኳቸው። ተጂ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወፍጮ እህል ሲፈጩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ጩኸት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም። ጆሯቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፈው ብዙ ካዳመጡ በኋላ፣ ትንሽ ነገር ሲሮጥ እንደሚጮኽ፣ ትልቅ ነገር ግን ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ እንደሚሠራ ነገሩኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትም ይህንኑ ነበር። በማግስቱ ትልቅ ፋን ያለው የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ልንገዛ አብረን ዓለም ገና ሄድን።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣ። አንዱ ዝርግ ነው። ሌላው እንደ ፎቅ የቆመ፣ ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት፣ በግራና በቀኝ ትልልቅ ፋን ያለው። አከራዬ በግ እንደሚገዛ ሰው በየተራ አንሥተው መዘኗቸው። ከዚያ ትልቁን ደረታቸው ላይ አቀፉት። እኔም የወደድኩት እሱን ነበር።

ባለሱቁ ግን የኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ስፋት ጠየቀን፤ ጠባብ ከሆነ የጎን ክዳኑ አይዘጋም። እኔ አልለካሁም። አከራዬ ለክተዋል።

«አንድ ስንዝር ነው» አሉ።

«በማን ስንዝር፣ ኦቦ?»

እጃቸውን ዘረጉለት። ባለሱቁም የራሱን ዘረጋ፤ በሦስት ጣት ያህል ያንሳል። ቤት ያለ ሰው በሜትር ይለካልን ሲል፣ እሳቸው ቤት ሜትር እንደሌለ ነግረውት ባለቤታቸው ጋ ደወሉ። በኦሮምኛ ረጅም ንግግር ተደረገ። መልሱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ፤ ኬዙ ላይ ያለው አቧራ ግን ቤታቸውን እንደሚያሰድብ እንዲነገረኝ ታዟል። ችግሩ፣ የባለቤታቸው እጅ ሰበታ፣ ማቀዝቀዣው ዓለም ገና ነው። ትልቁን ገዛን።

ቤት ስንገጥመው ክዳኑ በግማሽ ጣት እምቢ አለ። አከራዬ ቅር አላላቸውም፤ ወፍጮም በሩ ሲከፈት ነው የሚተነፍሰው ብለው ክዳኑን አልጋዬ ሥር ከተቱት። ባለቤታቸው አቧራውን አልረሱትም ኖሮ፣ ከአሮጌ መጋረጃ ቆርጠው ኮምፒውተሩን ቀሚስ አለበሱት።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ስቀዳ ከገዛ ድምፄ በቀር የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ራሴም ደነገጥኩ። የባሰባቸው ግን አከራዬ ናቸው። በእሳቸው ዓለም ድምፅ የሌለው ማሽን የቆመ ማሽን ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ በሩ ይንኳኳል።

«ልጄ፣ ቆመ እንዴ?»

«እየሠራ ነው፣ አባባ።»

የቲማቲም ድልሁን ማስታወቂያ አራት ጊዜ ቀዳሁት፤ አራቱም ላይ አከራዬ አሉበት። ቢቸግረኝ ወንበር አስገባሁላቸውና ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀመጥኳቸው። አሁን ልቀዳ ስል ይመጣሉ፤ ቀሚሱን ገለጥ አድርገው ቅጠሎቹ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ለብ ብሏል» ይሉኛል በሹክሹክታ። «አንብቢ።»