ያልበሰለ ከሰል

ትናንት ቀሚሴን ልተኩስ ብዬ ካውያው ውስጥ ከሰል ስጨምር፣ እጄ ሳያማክረኝ እያንዳንዱን ጉማጅ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ያጋጭ ጀመር፤ ጥርት ብሎ የጮኸውን ወደ ውስጥ፣ ድምፁ የታፈነውን ወደ ጎን። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ኮልፌ ውስጥ ቢላና ጎራዴ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ጥሊያን ከገባ በኋላ ስለት እንዳይሠራ ተከልክሎ ምድጃው ቢፈርስበትም፣ ከጓሮ እንሰቱ መካከል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የፍየል ቆዳ ወናፉን ተክሎ፣ ጫካ ለገቡት ሰዎች ጎራዴ መቀጥቀጡን ቀጠለ። የመዶሻው ድምፅ አያሳስበውም ነበር፤ ከታች መንገድ ለመሥራት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚፈልጡ እስረኞች ስለነበሩ የእሱ ምት ከእነሱ ጋር ይቀላቀላል። የሚፈራው ጭስ ነበር። በደንብ የበሰለ የወይራ ከሰል ብረቱን ያቀላዋል እንጂ አይጨስም፤ እንጨትነቱ ያልለቀቀው ግን ሰፈሩን ያስነጥሳል። በድምፁ መለየት የእኔ፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ፣ ሥራ ሆነ። ሰው ፊት ቃል ስለማይወጣኝ እናቴ «እግዜር አፏን ረስቶ ጆሮ ደረበላት» እያለች ትስቃለች፤ አባቴ ደግሞ «ጆሮዬ» ይለኛል።

ከሰሉን ከመናገሻ በኩል በአህያ የሚያመጡልን እትዬ ጫልቱ ነበሩ፤ በመጡ ቁጥር ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ ይሰጡኛል። አንድ ቀን ወታደር ጫካውን ሲያስስ ፈርተው፣ የከሰሉን ክምር ከጊዜው በፊት አፍርሰው መጡ። ቆሎዬን ሰጥተውኝ እዚያው ቆሙ። አንዱን ጉማጅ ከድንጋይ ጋር አጋጨሁ፤ ታፈነ። ሌላው፤ ታፈነ።

«እንዴት ነው ጆሮዬ?» አለ አባቴ።

«የእኔን ከሰል ደግሞ ምን እንከን ልታወጣለት!» ብለው እትዬ ጫልቱ ሳቁ።

ቆሏቸው አፌ ውስጥ ነበር። እንዴት አድርጌ ፊት ለፊታቸው አልበሰለም ልበል?

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ወናፉ ጥቂት እንደተነፈሰ ነጭ ጭስ ከእንሰቱ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ ውሃ ሲደፋበት ባሰበት። እስረኞቹን የሚጠብቁት ወታደሮች አጥሩን ጥሰው ሲገቡ ጎራዴው ገና እንደቀላ ነበር። እጁን የፊጥኝ ሲያስሩት እትዬ ጫልቱ ደረታቸውን እየመቱ «እኔ ነኝ! ከሰሌ ነው!» አሉ።

«ዝም ይበሉ እትዬ፤ አጥርቼ ያልለየሁት እኔ ነኝ» አላቸው አባቴ።

እኔ ቆሎዬን እንደጨበጥኩ ቆሜ ነበር።

አልተመለሰም፤ የት እንደተቀበረ የሚነግረን እንኳ አላገኘንም። እናቴ እስክትሞት ድረስ እትዬ ጫልቱን ስትወቅስ ኖረች፤ እሳቸውም ወቀሳውን አንገታቸውን ደፍተው ተቀብለው፣ ዳግመኛ ከሰል ሳያከስሉ አለፉ። ለሁለቱም አልነገርኳቸውም። በጓሮው ላይ የሰው ቤት ተሠርቶበታል፤ እንሰቱም የለም። እኔ ኮሌጅ ገብቼ፣ ሰው ፊት መናገር ቢያቅተኝ መጻፍ ለመድኩ፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት። ሊሰሙት የሚገባቸው ሦስቱም የሉም።