አባቴና አጎቴ ያደረቋት ጀልባ

ልጅ ሳለሁ፣ ቦዮ ሐይቅ ዳር ስንኖር፣ ተረት የምንሰማው በአያቴ ምድጃ ዙሪያ ነበር። እናንተ ተረት ሲባል ሳቅና ጨዋታ ይመስላችኋል፤ አባቴና አጎቴ በተጣሉበት ዓመት የሰማነው ግን ሳቅ አልነበረበትም። አባቴ ኤርሳዶ ከምድጃው በዚህ በኩል፣ ታናሽ ወንድሙ ላፌቦ በዚያ በኩል ይቀመጣሉ፤ መሐላቸው ፍሙ ብቻ ነው። እኔ አያቴ ጉልበት ሥር ተሸጉጬ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚጮህ እጠብቃለሁ።

ነገሩ የጀልባ ነገር ነው። ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለች አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረችን፤ የምንበላው ዓሣም፣ ቦኖሻ ገበያ የሚወጣውም በእሷ ነው። ታዲያ አጎቴ «ወንድሜ ጎህ ሳይቀድ ብቻውን እየወጣ ይሸጣል» ብሎ ጠረጠረ። አባቴም «ሌባ ካልከኝ ካንተ ጋር አልቀዝፍም፤ ብቻህንም አትወስዳትም» አለ። ጎትተው ደረቅ መሬት ላይ ደፏት። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲመታት ከረመች፤ እኛም ቆጮውን በጎመን ብቻ በላን። በኋላ ሲገለብጧት ከአፍንጫዋ እስከ ሆዷ ተሰንጥቃለች።

ያኔ ጠባቸው አዲስ ምክንያት አገኘ። አባቴ ስንጥቁ በቃጫና በሰም ይደፈን አለ። አጎቴ ደግሞ እሷ ትጣልና አጥር ጥግ ያለው ዋንዛ ተቆርጦ ሌላ ይፈልፈል ባይ ነው። ዋንዛው ያለው ግን በአባቴ የመሬት ድርሻ ላይ ነው።

«ዛፌን ብትነካ እጅህን ነው የምቆርጠው!» አለ አባቴ።

«እንግዲያው በዚህች የጀልባ ሬሳ ቅዘፍ!» አለ አጎቴ።

አያቴ ፍሙን ቆስቆስ አደረገችና ተረት ጀመረች። ሁለት ጉማሬዎች አንድ ኩሬ ነበራቸው አለች፤ አንዱ ሌላውን እንዳይገባ ከልክሎ፣ ሁለቱም ዳር ዳሩን ሲጠባበቁ፣ ኩሬውን ፀሐይ ጠጣችው።

አጎቴ ብድግ አለ። «እማ፣ ጉማሬ ያልሽው እኔን ነው?»

«አፈ ሰፊውን ነዋ» አለ አባቴ።

«ሁለት ናቸው አልኩ እኮ!» አለች አያቴ። «እስከ ሁለት መቁጠር አቃታችሁ?»

ጠዋት፣ ጀልባዋ ባለችበት በውሃ ትሞላ ብላ አዘዘች። እኛ ልጆቹ በእንስራ እየቀዳን ሞላናት። ውሃው በስንጥቁ ሲንዶለዶል አጎቴ ሳቀብን። አያቴ ግን «እንጨት ሳይጠጣ አይገጥምም፤ ሙሉ» አለች። ሲጎድል እየሞላን ዋልን። በማግስቱ እንጨቱ አብጦ፣ ስንጥቁ ከንፈር ለከንፈር ገጥሞ ነበር፤ የቀራት ጥቂት ቃጫ ብቻ ነው።

አባቴ ያኔ ዝም ቢል ምን ነበረበት! «አየኸው፣ ደደብ?» አለ።

አጎቴ መጥረቢያውን አንስቶ ሆዷን በረቀሳት። የሞላነው ውሃ እግራችን ላይ ፈሰሰ። አባቴ ደግሞ በሳምንቱ ዋንዛውን፣ አጎቴ ዳግመኛ እንዳይመኘው ብሎ፣ ለጣውላ ሸጠው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ለጎረቤት ቀዛፊ ሆነው ገቡ። ሰውዬው ያለው አንድ ጀልባ ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጠው፣ እየተገላመጡ፣ የሌላ ሰው ዓሣ ጭነው ሲቀዝፉ አያቴ ከደጃፏ ታያቸው ነበር። «እዩአቸው እስቲ፣ ሲያምርባቸው!» ትልና ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ዓመት በኋላ በእኛ ምድጃ ተረት የተነገረ ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ሆሳዕና ከልጄ ቤት ነው የምኖረው። ሁለቱ የልጅ ልጆቼ አንድ ያረጀ ባጃጅ አላቸው፤ አንዱ ሞተሩ ይጠገን፣ ሌላው ይሸጥና አዲስ ይገዛ እያለ ግቢውን ያተራምሱታል። ፍረጂን ብለው መጡ። እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? «መጀመሪያ ንገሩኝ፣» አልኳቸው፣ «አንድ ላይ ልትሠሩበት ነው?»