የአማቱ አፍንጫ

የሰፈሩ ሰው «አይስቴ» የሚለው እንጨት ቀራጭ በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳተው እንጨቱ ነው። ምስክሩ ራሱ ስለሆነ መጠራጠር ነውር ነው።

የሟች አማቱን መልክ ከፎቶ እያየ ጣውላ ላይ ሲቀርጽ ወር ፈጀ። ሊጨርስ ሲል መሮው አዳለጠውና የሰውየው አፍንጫ ተገንጥሎ ወደቀ።

«እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ታሞ ነበር» አላት ለሚስቱ።

«አዎ፣ መሮህ እስኪጎበኘው ድረስ ደህና መስሎ ነበር።»

እሱ እንጨቱን ሲረግም እሷ ወለሉን ጠርጋ ፍቅፋቂውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፤ የገዛ አባቷ አፍንጫ ሻይ አፈላ።

ምን ያድርግ፣ ከጣውላው ትራፊ ቆርጦ በኮላ ለጠፈ። በማግስቱ ሊቀርጸው ሲነሳ ግን ደግሞ እንዳይገነጠል ፈራ፤ አፍንጫው እንደወፈረ ቀረ። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቫርኒሽ ቀባው።

የሚስቱ እናት መጥተው ምስሉን ትክ ብለው አዩት። አይስቴ ስለ እንጨቱ ሕመም ሊያብራራ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ይቺን የባሌን አፍንጫ! ፎቶ አንሺውን ለምኖ ፎቶው ላይ ያስቀነሳትን! አንተ ከየት አገኘሃት ልጄ?»

«አስቤበት ነው እማማ» አለ፣ ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። እናቷ ግን ምስሉን አቅፈው አፍንጫውን ሳሙት፤ ቫርኒሹ ስላልደረቀ ከንፈራቸው አብረቀረቀ።